ዊንዶውስ 7 ላይ ከክሮም ወደ ፋየርፎክስ ለመዛወር ምክር እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተሩ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ የሚውል ነው፦ ዊንዶውስ 7፣ ራም 4 ጊጋባይት፣ ኢንተርኔቱ ከስልክ በሆትስፖት። ክሮም በዚህ ዊንዶውስ ላይ ቅጂ 109 ላይ ቆሟል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። አንዳንድ ገጾች ብሮውዘር አድስ እያሉ ቅጽ አይከፍቱም። የሰው መታወቂያና የይለፍ ቃል የሚገባበት ማሽን ስለሆነ በዚሁ መቀጠል በጣም ያሳስበኛል።

የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኤጅም እንደ ክሮም ክሮሚየም በተባለው የጋራ መሠረት ላይ የተሠራ ነው፤ እሱም 109 ላይ ስለቆመ መፍትሔ አይሆንም። የቀረኝ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው ቅጂ) ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል፤ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም ስለሚቀበልም ማስታወቂያ አግዶ ዳታ ይቆጥባል።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ፋየርፎክስ ራም ሲያጥረው ብዙ ጊዜ ያልተነኩ ታቦችን ራሱ ከራም ያራግፋል። ግማሹ የተሞላ ቅጽ ያለበት ታብ ቢራገፍ የተጻፈው ይመለሳል ወይስ ይጠፋል? ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንደገና መሙላት ከባድ ነው።

ሌላው የይለፍ ቃላቱ ጉዳይ ነው። ከክሮም በሲኤስቪ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ግን ፋይሉ ያልተመሰጠረ፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ነው። ከ109 ወደ 115 በቀጥታ ያስተላለፈ ካለ፣ የይለፍ ቃላቱ ሳይጎድሉ መግባታቸውን ቢነግረኝ እጅግ አመሰግናለሁ።