ከአሜሪካ የመጣ የናፍጣ ፈርነስ ሱሉልታ ላይ መትከል

የሱሉልታ_ጎጆ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ውስጥ 140 ካሬ የብሎኬት ቤት አለን፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው። በናፍጣ የሚሠራና ሞቃት አየር በቱቦ የሚያከፋፍል ፈርነስ ከአሜሪካ ተልኮልናል። ፕሌቱ ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው አፍ) 0.85 ጋሎን በሰዓት ይላል። ትራንስፎርመር ገዝተን ብንሰካው ይበቃል? ናፍጣውን ደጅ በበርሜል ልናስቀምጥ ነው። የጭስ ማውጫውን ነገርም ንገሩን።

ሞተር_ጠምጣሚ፦
ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ 60 አያደርገውም። በደቂቃ 1,725 ጊዜ የሚዞረው የበርነሩ (ናፍጣውን ረጭቶ የሚያነደው ክፍል) ሞተር ወደ 1,425 ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ይግላል። የከፋው ግን እሳቱ ላይ የሚመጣው ነው። ይኸው ሞተር ማራገቢያውንም የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል። ፓምፑ ግፊቱን በራሱ ቫልቭ ስለሚጠብቅ ናፍጣው ብዙም አይቀንስም፣ አየሩ ግን ይቀንሳል። ውጤቱ ጥላሸት ነው።

ስለዚህ ሳጥኑንና ሂት ኤክስቼንጀሩን (የእሳቱን ሙቀት ለአየሩ የሚያስተላልፈውን) ያዙ፤ በርነሩን በ230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ በሚሠራ የአውሮፓ በርነር (ሪዬሎ፣ ቤንቶን) ቀይሩት። የአፉ ርዝመት ከማቃጠያው ክፍል ጋር መግጠሙን ሳትለኩ አትግዙ። የብሎወሩ (ሞቃቱን አየር ወደ ቱቦዎቹ የሚገፋው) ሞተርና ለቴርሞስታቱ 24 ቮልት የሚሰጠው ትንሹ ትራንስፎርመርም መቀየር አለባቸው። ብሎወሩ በቺንጊያ የሚዞር ከሆነ ግን ሞተሩን ቀይሮ ፑሌጃውን ማስተካከል ይበቃል።

ደጋ_በርነር፦
ኸርዙ ላይ ሞተር ጠምጣሚ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ከፍታው ልጨምር። ሱሉልታ ባለበት 2,600 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። 0.85 ኖዝል ካስገባችሁ የሚያቃጥለውን ኦክስጅን አያገኝም። 0.55 ኖዝል በ9.7 ባር፣ ወይም 0.65 በ7 ባር ተጠቀሙ፤ ሁለቱም በሰዓት 2.4 ሊትር ገደማ ይረጫሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ግፊቱ ሲጨምር ጠብታው ይደቃል፣ ንጹሕ ይነዳል። ከዚህ ቤቱ ውስጥ የሚገባው 20 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ነው። የመርጫውን ማዕዘን በርነሩ አምራች ካዘዘው አታስወጡት።

የእሳቱን ቀለም እያዩ አየር ማስተካከል አይሆንም። 10 ደቂቃ ይንደድ፤ ከዚያ የጭስ ወረቀቱ (የጥላሸቱ መለኪያ) 0 ወይም 1፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ11 እስከ 12 በመቶ፣ የጭሱ ሙቀት ከ200 እስከ 260 ዲግሪ፣ የጭስ ማውጫው ስበት 5 ፓስካል አካባቢ መሆኑን በመሣሪያ ለኩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ብሎወሩን ነው። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል፤ ያንኑ 20 ኪሎዋት ለማድረስ በሰዓት 2,000 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 1,500 ይበቃ ነበር። በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ያለው ልዩነት ፕሌቱ ከሚፈቅደው ካለፈ፣ የሙቀት መገደቢያው በርነሩን እያጠፋ ያስቸግራችኋል። የላሜራ ቱቦውን ለቁጠባ ብላችሁ አታጥብቡት። መላሹን አየር ደግሞ ከፈርነሱ ክፍል አትውሰዱ፤ የጭሱን ጋዝ ስቦ መኝታ ቤት ያደርሰዋል።

(በነገራችን ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ግላስ ካልተነጠፈ ናፍጣችሁን የሚጠጣው ቆርቆሮው ነው። መጀመሪያ እሱን።)

ቧንቧ_በመዳብ፦
በርሜሉ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጥ፤ ግን ከ2 ሜትር በላይ አይስቀል፣ የፓምፑን ሲል (እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ያስጨንቀዋል። ወደ ውኃ ማውጫው ቧንቧ ትንሽ ይዘንብል፤ የናፍጣው መውጫ ከታቹ 10 ሳ.ሜ ከፍ ይበል። ክረምት ላይ ውኃ ይጠራቀማል፣ ቶሎ ቶሎ አፍስሱት። ከዚያ መዝጊያ፣ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ 10 ሚ.ሜ የመዳብ ቱቦ። ማያያዣው በፍሌር (የቱቦው ጫፍ ሰፍቶ በሚታሰርበት) ብቻ፤ ቴፍሎን ከጠቀለላችሁ ቁራጩ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

በርሜሉ ከፍ ካለ አንድ ቱቦ ይበቃል። ያኔ ፓምፑ ውስጥ ያለችውን የባይፓስ ብሎን (ትርፉን ናፍጣ ወደ መመለሻው የምትመራውን) አውጧት። ብሎኗ ገብታ መመለሻ ቱቦ ከሌለ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ሲሉን ይበጥሰዋል። መመለሻ ካስገባችሁ ደግሞ እሱ ላይ መዝጊያ አይኑር።

ጭስ ማውጫው 15 ሳ.ሜ ስፋት ይኑረው። ነጠላው ቱቦ ከሚነድ ነገር 45 ሳ.ሜ ይራቅ፤ ቺፕውዱን የሚያልፈው ክፍል ግን ድርብ፣ ውስጡ ስቴንለስ የሆነ ይሁን። ጫፉ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ጣሪያ በ60 ሳ.ሜ ይብለጥ። ለፈርነሱ ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እያንዳንዳቸው 15 በ15 ሳ.ሜ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በመኝታ ቤቶቹ በኩል።

የሱሉልታ_ጎጆ፦
እናመሰግናለን። እሳቱ እየነደደ መብራት ቢጠፋስ?

ደጋ_በርነር፦
በርነሩም ብሎወሩም አብረው ይቆማሉ፤ ኤክስቼንጀሩ ውስጥ የቀረው ሙቀት ቀስ ብሎ ይበርዳል። ኢንቨርተር ከፈለጋችሁ ንጹሕ ሳይን (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ፣ የሞተሮቹን መነሻ የሚችል ይሁን። መብራት ሲመለስ ካልነደደ የበርነሩን ቀይ ቁልፍ (ሪሴት) አንድ ጊዜ ተጫኑ። እንደገና እምቢ ካለ ተዉት። በተጫናችሁ ቁጥር ያልነደደ ናፍጣ ማቃጠያው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ድንገት ሲቀጣጠል በሩን ገንጥሎ ክፍሉን በጥላሸት ይሞላዋል። መጀመሪያ ፊልትሮውንና የኤሌክትሮዶቹን ክፍተት ተመልከቱ፤ ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ መሆን አለበት።