የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ፣ ሻጩ በወኪል፤ ቀብድ ልስጥ ወይስ ልቆይ?

የፈረንሳይዋ ተከራይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደላላው እስከ ነገ ማታ ወስኚ ብሎኛል፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

እኔና ባለቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይተን 11 ዓመት ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ዘንድሮ እቁብ ደረሰን፣ ዱባይ ያለችው እህቴም አገዘችን፤ ካጠራቀምናት ጋር ተደማምሮ ለኮንዶሚኒየም በቃ። የካ አባዶ ባለሁለት መኝታ አራተኛ ፎቅ ላይ አይተን ወደድነው። ጠዋት ፀሐዩ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ልጆቹም ገና ሳይገዛ ክፍል ተካፍለዋል።

ባለቤትየው ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጠው ወንድሙ በውክልና ነው። ደላላው «300 ሺህ ቀብድ አሁን ስጡ፣ ሌላ ገዢ አለ፤ ውሉን እዚሁ በሁለት ምስክር እንጽፋለን፣ ውልና ማስረጃ በኋላ ትሄዳላችሁ» ይላል። ካርታውን ያሳየኝ በስልክ ፎቶ ነው።

እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃው ያሳስበኛል። የመጨረሻው ነገር ባለቤቴን ያስቀዋል፦ ጎረቤት። አሁን ያለንበት ግቢ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ ግን ቡና ብቻዬን ጠጥቼ አላውቅም። ሥራ ላይ ሆኜ ልጄን ሲያመው ሐኪም ቤት ይዛው የሄደችው ጎረቤቴ ናት። ኮንዶሚኒየም በር ዘግቶ መኖር ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ውል አርቃቂዋ

እህቴ፣ ነገ ማታ የሚባለውን ተዪው። ይህን ሁሉ ዓመት ውል ስጽፍ «ሌላ ገዢ አለ» የማይል ደላላ አልገጠመኝም።

የመንደር ውል ለቤት አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ለእኛ ያ ማለት ውልና ማስረጃ ነው። ስለ ቀብድ ደላላው የሚነግርሽ ግማሹ እውነት ነው፦ የሰጠው እምቢ ካለ ያጣዋል፣ የተቀበለው እምቢ ካለ እጥፍ ይመልሳል። ዋናው ውል ራሱ ካልጸና ግን እጥፉ ቀርቶ የራስሽን 300 ሺህ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ስትመላለሺ ትከርሚያለሽ።

ውክልናውን ዋናውን አስመጪ። «እንዲሸጥልኝ» የሚል በግልጽ ካልተጻፈበት «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚለው ብቻውን ለሽያጭ አይበቃም። ኤምባሲ የተሰጠ ከሆነ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ መድረስ አለበት። ወካዩ ከሞተ ወይም ከሻረው ደግሞ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር አያገለግልም። ስለዚህ ሰውዬውን በቪዲዮ አነጋግሪው፣ ሚስት እንዳለውም ጠይቂው። ቤቱ የጋብቻ ንብረት ከሆነ ሁለቱም ካልተስማሙ አይሸጥም፤ አላገባሁም ካለ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። ባል ሸጦ ጨርሶ ሚስት ከወራት በኋላ ክስ ይዛ ስትመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ገዢው ያኔ ሴራሚክ አንጥፎ፣ ኪችን ካቢኔት አሠርቶ ጨርሷል።

ከዚያ ዕዳና እገዳ። 20/80 ከሆነ (20 በመቶ ቆጥቦ 80 በመቶ መበደር ማለት ነው) አብዛኛው ዋጋ የባንክ ብድር ነበር፤ ተከፍሎ ማለቁን የሚያሳይ ክሊራንስ ያስፈልጋል። በዕጣ የተሰጠ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደማይሸጥም አትርሺ። ይህን ሁሉ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ታገኚዋለሽ፤ ግን ወኪሉን ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ብትሄጂ አይነግሩሽም። አልሄድም ካለ እሱም መልስ ነው።

መርካቶ በር

ካርታ በፎቶ፣ ቀብድ በካሽ፣ ውል በሰፈር። እህቴ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዳይሆን።

ባለ አራተኛው ፎቅ

እኔ ጀሞ ነኝ፤ አባዶን በደንብ አላውቀውም። አራተኛ ፎቅን ግን ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ።

ከደረጃው ይልቅ ውሃው ነው የሚያስቸግረው። በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ቀን ደግሞ ታች ያሉት ሲከፍቱት ግፊቱ እኛ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። መጀመሪያ ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄሪካን ይዤ ስወርድ ደረጃው እንደ ገበያ ነበር፤ ሁሉም በሌሊት ልብሱ፣ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። በኋላ ብሎካችን አዋጥቶ ታች ሮቶ ተከለና በዲናሞ ወደ ላይ መሳብ ጀመርን፣ ተገላገልን። አባዶ ያየሽው ብሎክ ሮቶና ዲናሞ አለው? ዲናሞው ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? መብራት ሲጠፋስ?

ቤቱን ቀጠሮ ተይዞልሽ ብቻ አትዪው። የውሃው ቀን መቼ እንደሆነ ከጎረቤት ጠይቂና በዚያ ቀን ራስሽ ቧንቧውን ክፈቺው። ባለ አራት ፎቅ ከሆነ ከላይሽ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያው ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ካየሽ ነሐሴ ላይ ባልዲ ታስቀምጫለሽ። ቤቱ በሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ እዚያ ጋ ቁሚ።

እናትሽን አንዴ ይዘሻቸው ውጪ። የእኔ እናት መውጣቱን ቻሉት፤ መውረዱ ነው ጉልበታቸውን የጨረሰው። ከዓመት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት መውጣት ተዉ። ሳሎኑ ፀሐይ ቢገባበትም እስር ቤት ሆነባቸው።

የእድሩ ጸሐፊ

ልጄ፣ ጎረቤት ያልሽው አያስቅም። ጡረተኛ ነኝ፣ ሰሚት ነው የምኖረው።

ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር። ያገናኘን ዕጣ ነው፤ አንዱ ከተክለ ሃይማኖት፣ አንዱ ከአቃቂ፣ አንዱ ከጉለሌ። በገባን በሰባተኛው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አረፉ። ድንኳን የት እንደሚተከል እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አስከሬኑ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ ስድስት ወንዶች ሳጥኑን ቀጥ አድርገን አቁመን ነው ያወረድነው። ከስድስቱ የአራቱን ስም አላውቅም ነበር። በማግስቱ ልቅሶው ላይ ተቀምጠን እድሩን መሠረትን፤ ዛሬ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አለን።

ስለዚህ በር ዘግቶ መኖር ነው የሚለው እንደ ብሎኩ ነው። ሰፈሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ኮሚናሉን እዪው። ለእርድና ለእንጀራ ማብሰያ ተብሎ የተሠራው ማለቴ ነው። ሴቶች እንጀራ የሚጋግሩበት፣ በዓል ሲመጣ ቅርጫ የሚታረድበት ከሆነ ሰው አለ። ተቆልፎ ወይም ለሱቅ ተከራይቶ ካገኘሽው ኮሚቴውን ጥሪና ብሩ የት እንደሚገባ ጠይቂ።

ኮሚቴ ስል የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ነው፤ በዐዋጅ 370/1995 የተቋቋመ እንጂ የሰፈር ሰው ፈቃድ አይደለም። የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የደረጃ አምፖል በሱ በኩል ነው። የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው ውዝፍ እንዳለ ከመፈራረምሽ በፊት አጣሪ፤ በኋላ በሩን የሚያንኳኩት አንቺን ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ የፈረንሳዩን እድርሽን አታቋርጪ። አዲስ እድር መግቢያ ያስከፍላል፤ ከገባሽም በኋላ የተወሰነ ወር ሳይሞላ ክፍያ የማይሰጥ አለ። ሁለቱንም መክፈል ቢከብድም ቢያንስ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ያዢው።

ዝምታ ወዳዷ

እኔ ልለይ። ኮንዶሚኒየም የገባሁት ከጎረቤት ሸሽቼ ነው። ግቢ ውስጥ ሳለሁ ምን እንደገዛሁ ከእኔ በፊት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አሁን በሬን ዘግቼ እተኛለሁ፣ ተመስገን። የሚያስመርረኝ ከላይ ያለችው ሴትዮ ሙቀጫ ነው፤ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቡና ትወቅጣለች።

ግን ጋሼ ያልነኩት አንድ ነገር አለ። ብሎኩ ውስጥ ስንቱ ባለቤት፣ ስንቱ ተከራይ ነው? የእኛ ብሎክ አብዛኛው ተከራይ ነው፤ ለዲናሞ አዋጡ ሲባል «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላሉ፣ ባለቤቱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሮቶ ሳንተክል ቀረን። ተከራዮቹን አልወቅስም፤ ነገ የሚለቁት ቤት ላይ ማን ብር ያፈስሳል?

የእድሩ ጸሐፊ

እውነትሽን ነው፣ ያንን ዘለልኩት። እኛ ጋ ግን ተከራይም እድርተኛ ነው፤ ሞት ካርታ አይጠይቅም።

ዱባይ ያለሁ

ስለ እህትሽ ገንዘብ ማንም ስላላነሳ ላንሳው። እኔም ከወንድሜ ጋር እንዲሁ ገዝተን ነበር፤ አሁን በበዓል ቀን ብቻ ነው የምንደዋወለው። ብሩ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው ወይስ ድርሻ? እኔ ድርሻ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ስጦታ መስሎታል። ሁለታችንም አልዋሸንም፣ ያልተነጋገርነው ነገር ነው።

ድርሻ ከሆነ ስሟ ውሉ ላይ ይግባ። እዚህ ካለው ቆንስላ እንድትገዢላት ውክልና ትልክልሻለች። ብድር ከሆነ ደግሞ በወረቀት ጻፉት። ገንዘቡንም በሰው እጅ ሳይሆን በባንክ ትላከው፣ ደረሰኙ ይቀመጥ።

የፈረንሳይዋ ተከራይ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀብድ አልሰጠሁም። ደላላው ተቆጣ፣ ከዚያ ደግሞ ቀዘቀዘና «እሺ 200 ሺህ አድርጊው» አለ። ሌላው ገዢ የት እንደገባ እንጃ።

እህቴን ዛሬ ማታ አነጋገርኳት። ድርሻ አልፈልግም፣ ግን ስመጣ የማርፍበት ክፍል ይኑረኝ አለች። እሱ ውል ላይ ይጻፋል እንዴ? ሌላው፣ ወኪሉ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ለስም ማዛወሪያ ይጠቅመናል» ይላል። ይሻላል?

ውል አርቃቂዋ

ክፍሉን በፍቅር ጨርሱት፣ ውል ላይ አይገባም።

ዋጋውን ግን እንዳትሞክሪው። ስም ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ ሌላ ክፍያም ይጨመራል፤ ያንን ለመቀነስ ብለው ነው። ነገ ሽያጩ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ የተረፈውን በካሽ ሰጥቻለሁ ብትዪ በምን ታስረጃለሽ? ክፍያውንም በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) አድርጊውና በመፈራረሚያው ቀን እዚያው አስረክቢ። የትኛውን ክፍያ ሻጭ፣ የትኛውን ገዢ እንደሚችል ውሉ ላይ አስጽፊ፣ የደላላውንም ኮሚሽን ጭምር።

የፈረንሳይዋ ተከራይ (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ሰውዬውን በቪዲዮ አገኘነው፤ ጨዋ ሰው ነው። ሚስት አለችው፣ ቤቱም ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ነው፤ ውክልናው ላይ ግን እሷ የለችም። እሷም ትስጥ ስንል ወንድምየው «ትንሽ ጊዜ ስጡን» አለና ስልኩ ጠፋ።

በውሃው ቀን ግን እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍታ አየቻትና ምንም ሳትጠይቅ በርጩማ አወጣችላት። አራተኛ ደርሼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ሳል ብቻ። ስመለስ እናቴ ውስጥ ገብታ ሁለተኛውን ስኒ ይዛለች፤ ከአጎራባቹ ብሎክ አንደኛ ፎቅ የሚሸጥ ቤት እንዳለም ሰምታ ጨርሳለች። የዚያ ቤት ሻጭ መበለት ናት፣ ካርታው በራሷ ስም ነው፣ ልጆቿ ጋ አዳማ ልትሄድ ነው። ባለአንድ መኝታ ነው፣ ይጠብበናል። ፀሐይም የለውም።

ክሊራንሷን አየን፣ ፋይሉንም አብረን ሄደን አየን። ማክሰኞ ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አለን። ባለቤቴ አሁንም አራተኛውን እያሰበ ይበሳጫል።

ውል አርቃቂዋ

መበለት ከሆነች የሟች ወራሾች ጉዳይ አለ። ካርታው በእሷ ስም መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የባሏ ድርሻ ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ልጆቹ መስማማታቸውን ከማክሰኞ በፊት ጠይቂ።

የፈረንሳይዋ ተከራይ (ጠያቂ)

የወራሽነት ማስረጃ አላት፤ ሁለቱ ልጆችም ከአዳማ መጥተው ይፈርማሉ። ያንን እንኳ የነገረችኝ እሷው ናት፣ ሳልጠይቃት።

ባለ አራተኛው ፎቅ

እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ማክሰኞን እጠብቃለሁ። ቁልፍ በተረከብሽ ቀን የበሩን ሲሊንደር ቀይሪ። ቆጣሪው ላይ የቀረ ዕዳ ካለም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

የእድሩ ጸሐፊ

በርጩማ ያወጣችው ሴትዮ የየትኛው እድር አባል እንደሆነች ጠይቂልኝ፣ እዚያው ተመዝገቢ።