«ቤተሰብ ከፈረመ በቂ ነው» ለተባለው

ጠበቃው ከፍራንኮ፦
ስለ አእምሮ ጤና ሕግ ሲወራ አንዱ ተነስቶ በሽተኛን ያለፈቃዱ ሆስፒታል ለማስተኛት «ቤተሰብ ከፈረመ በቂ ነው» አለና ተጨበጨበለት። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 341 ያነበበ የለም? ከ1952 ጀምሮ አለ። በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ተኝቶ እስካለ ድረስ እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ያደረገው ውል ሊፈርስ ይችላል። ፈራሚው የውርስ ቤት የሚካፈለው ወንድም ከሆነስ?

ሲስተር ተረኛ፦
ወንድሜ፣ በሽተኛው ሌሊት 8 ሰዓት በገመድ ታስሮ በባጃጅ ይመጣል። የሚያረጋጋውን መርፌ፣ ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም፣ በጡንቻ ልስጠው ወይስ ሰኞ ዳኛ እስኪገባ ልጠብቅ?

ጠበቃው ከፍራንኮ፦
ስጪው እንጂ! ድንገተኛውን ማን ከለከለሽ? ጥያቄዬ እስከ መቼ ነው «በቂ» የሚሆነው ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ 72 ሰዓት ለምርመራ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለፈቃዱ የሚቆይ ከሆነ ገምጋሚ ቦርድ ያየዋል። እኛ ዘንድ ሰው ገድሎ በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ኃላፊነት የለበትም የተባለው እንኳ ጉዳዩ በየ2 ዓመቱ ፍርድ ቤት ይታይለታል። ወንድሙ የፈረመበትን ማን ያያል?

ቦሌው፦
2002 ላይ ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 14ን አንብቡ። የአካልም ይሁን የአእምሮ ጉዳት ስላለበት ብቻ የሰው ነፃነት አይገፈፍም።

ሲስተር ተረኛ፦
ስምምነቱ ሌሊት ተረኛ ይገባል? መርፌ ከተሰጠ በኋላ በየ15 ደቂቃው አተነፋፈሱና የደም ግፊቱ መታየት አለበት። መርፌው አንገቱን ወደ ጎን ካጣመመው፣ የሚያስለቅቀው መድኃኒት ፕሮሜታዚን ካልተገኘ ሌላ ጣጣ ነው። ማሰሪያውን ማን አዘዘ፣ ስንት ሰዓት ታሰረ፣ መቼ ተፈታ? ሕጉ ይህን በመዝገብ ያስጽፍ። ፊርማችሁን ከዚያ በኋላ ተጣሉበት።

ከወረዳ፦
ረቂቅ የሚያወጣው ሁሉ አዲስ አበባ ያለውን የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን እያሰበ ነው የሚጽፈው። «ሁለት ሐኪም ይፈርም» ተብሎ ከወጣ ወረዳ ላይ አንዱ በሽተኛውን ሳያይ ይፈርማል። የአእምሮ ጤና ነርስ መፈረም ይችላል ተብሎ ይጻፍ።

ሲስተር ተረኛ፦
በዚህስ ተስማማን።

ጠበቃው ከፍራንኮ፦
ነርስም ይፈርም፣ ግን ወራሽ አይፈርም! ቁጥር 342ን ደግሞ ተመልከቱ፦ ከ2000 ሰው በታች ባለበት የገጠር ቀበሌ ቤተሰቡ እየጠበቀ እንዳይንቀሳቀስ ካደረገው እብደቱ ታወቀ ማለት ነው። ሰንሰለቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

የማርያም ልጅ፦
አሁን ጠበል ላይ ልትመጡ ነው መሰለኝ።

ከወረዳ፦
ጠበሉን ማን ነካ? ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ። ያልነው ሰንሰለቱ ይፈታ ነው።

የማርያም ልጅ፦
ሲያመልጥ አንተ ትሮጥለታለህ?

ቦሌው፦
ይኸው፣ «ቤተሰብ በቂ ነው» ያለው ሰውዬ ራሱ ገባ!

የማርያም ልጅ፦
እኔ አይደለሁም። ግን ብሆንስ?