የአንድ ልብ ወለድ ሦስት ፕሩፍ፦ የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይወገድ?

ቀለም ጠብታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ደራሲ ወረቀቶች በ9 ካርቶን ተረክበን በመለየት ላይ ነን። በእጅ የተጻፉ ደብተሮች፣ በታይፕ የተመታ ረቂቅ ከነካርቦን ቅጂው፣ እንዲሁም የአንድ ልብ ወለድ ፕሩፍ (መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣ የሙከራ ኅትመት) በሦስት ስብስብ አለ። አንዱ ገጽ ሳይከፈልለት በረጃጅም ወረቀት ላይ የታተመና አራት ቦታ የታጠፈ ነው። ሁለቱ ገጽ ተከፍሎላቸዋል፤ አንደኛው በእርማት የተጥለቀለቀ፣ ሌላው ጥቂት እርማት ብቻ ያለበት።

«መጽሐፉ እንደሆነ ታትሟል፣ ንጹሑን አስቀርታችሁ ሌላውን አስወግዱ» የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። ትክክል ነው? የትኛው ቀድሞ እንደወጣስ በምን ይለያል? ብዙ የዛገ አግራፍ፣ ያረጀ ፕላስተርና በሙጫ የተለጠፉ ቁራጭ ወረቀቶችም አሉበት።

ፊደል ለቃሚ

ምንም አታስወግዱ። ሐሳቡ የተገለበጠ ነው፤ ይወገድ ከተባለ መጀመሪያ የሚወገደው እርማት የሌለው ነው እንጂ የተጥለቀለቀው አይደለም። ፕሩፍ የመጽሐፉ ቅጂ አይደለም። ደራሲው የራሱን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ብረት ፊደል ተለቅሞ ሲያየው ምን እንደቀየረ የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ባልዛክ ሰፊ ኅዳግ ባለው ፕሩፍ ላይ ደጋግሞ እየጻፈ ሥራውን እንደ አዲስ ይገነባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የአየርላንዳዊው ደራሲ የጆይስ ልብ ወለድ «ዩሊሲስ» አንድ ሦስተኛ ያህሉ ፕሩፍ ላይ የተጨመረ ነው ይባላል። የዚያ መጽሐፍ ፕሩፎች ሃርቫርድ፣ ኦስቲንና ሌላም ቦታ ተበታትነው ስለሚገኙ፣ አንድን ገጽ ከደረጃ ደረጃ መከተል የሚፈልግ ሰው ከአንዱ ቤተ መዛግብት ወደ ሌላው መሄድ ነበረበት። የእናንተ አንድ ላይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ቅደም ተከተሉ ስንመጣ፣ ረጅሙ ወረቀት በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ ፊደሉ ተለቅሞ ገጽ ከመከፈሉ በፊት የሚወጣው እሱ ነው። በሁለቱ ባለገጾች ላይ ግን መገመት አያስፈልግም፣ ፈተና አለው። ከተጥለቀለቀው (ሀ እንበለው) 10 ገጽ ያህል ምረጡና በእጅ የተደረገውን እያንዳንዱን እርማት ከሌላው (ለ) የታተመ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። ሀ ላይ በብዕር የተሠረዘው ቃል ለ ላይ ተስተካክሎ ታትሞ ከተገኘ፣ ሀ ቀዳሚ ነው። ሁለቱም ላይ ያው ስሕተት፣ ያው የተሰበረ ፊደል በያው ቦታ ታትሞ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለት ደረጃ ሳይሆን የአንድ ደረጃ ሁለት ቅጂ ነው በእጃችሁ ያለው። ማተሚያ ቤት ሁለት ቅጂ መላኩ የተለመደ ነው፤ ደራሲው አንዱን አርሞ ይመልሳል፣ ሌላውን ያስቀራል። ጥቂት እርማት ያለበት ያ የቀረው ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ሁለት እርማት ለ ላይ አልገባም ብላችሁ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ፊደል ለቃሚ እርማት ይዘላል። መስመሩ በሙሉ አንድ ላይ ከቀለጠ ብረት በሚወጣበት ማሽን ደግሞ አንድ ፊደል ለማረም መስመሩ እንዳለ እንደገና ይመታል፣ ስለዚህ የታረመው መስመር ላይ አዲስ ስሕተት ይወለዳል። እንዲያውም ለ ላይ አዲስ ስሕተት ያለበት መስመር፣ ሀ ላይ እርማት የነበረበት ሆኖ ከተገኘ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥጉ ላይ የቀን ማኅተም ካለ መዝግቡት፤ ግን የተላከበት ይሁን የተመለሰበት ሳታረጋግጡ እንደ ዋና ማስረጃ አትያዙት።

በታይፕ የተመታውንም በዚህ ዓይን እዩት። የቀለም ጣት አሻራ፣ በኅዳጉ ላይ የፊደል መጠን ትእዛዝ፣ ጽሑፉን መሀል ላይ የሚቆርጥ ቅንፍና ቁጥር ካለበት ለቃሚዎች ፊት ተቀምጦ የተሠራበት ቅጂ እሱ ነው። ካርቦኑንም «ያው ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ደራሲዎች ቸኩለው የመጨረሻውን እርማት ካርቦኑ ላይ ብቻ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ።

ድርሳን

ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው የለም። እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር፣ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ሳምንት በምትሠሩት ነው።

ከሁሉ በፊት ካርቶኖቹ ሳይነኩ፣ ክምሩ እንዳለ ፎቶ ይነሣ። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጋር ታስሮ እንደነበር አንዴ ከተፈታ አይመለስም።

የዛገ አግራፍ በጣት አይሳብም። በወረቀቱና በብረቱ መካከል፣ በፊትም በጀርባም፣ ቀጭን የፖሊስተር (ግልጽ ፕላስቲክ) ቁራጭ ይገባና አግራፉ በላዩ ይንሸራተታል። የስቴፕለር ሽቦ ከሆነ ጀርባውን ገልብጦ ሁለቱን እግሮች በስስ ስፓቱላ ቀጥ ማድረግ፣ ከዚያ ከፊት ማውጣት። በምትኩ ሌላ አግራፍ አታድርጉ፤ አሲድ የሌለበት ወረቀት ሁለት አጥፋችሁ ቡድኑን መሀል ማስገባት ይበቃል። ፕላስተሩን ተዉት። ማሞቅም መላጥም የቀለሙን ፊት ይዞ ይሄዳል። ሙጫው ተርፎ ቀጣዩን ቅጠል እንዳይዝ ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት መሀል አድርጉና ለጥገና ባለሙያ በዝርዝር ያዙት።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። የታጠፈውን ረጅም ፕሩፍ ለመዘርጋት እርጥበት መስጠት ያምራችኋል። አታድርጉት! በተለይ እርማቱ በእርሳስ ከሆነ። ግራጫ ተራ እርሳስ የሚመስል ግን ውስጡ ማቅለሚያ ያለበት ኮፒ እርሳስ የሚባል ነበር፤ እርጥበት ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆንና ወደ ጎን ይፈሳል። በማጉያ መስታወት ስታዩት በግራጫው መሀል ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ወይም ላብ የነካው ጫፍ ቀድሞ ቀለሙን ቀይሯል። እጥፋቱን በደረቁ፣ በሁለት መምጠጫ ወረቀት መሀል፣ ከላይ ጠፍጣፋ ክብደት ጭናችሁ ለቀናት ተዉት። ርካሽ የፕሩፍ ወረቀት አሲዳም ስለሆነ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ ከተዘረጋ በኋላ መልሶ አይታጠፍም፣ በትልቅ አቃፊ ተኝቶ ይቀመጥ። በትልቅ ወረቀት ላይ 8 ወይም 16 ገጽ አንድ ላይ የታተመ ካገኛችሁም በገጽ አትቁረጡት።

ለሌላው በአንድ አቃፊ 25 ቅጠል ያህል፣ ሣጥኑ ሞልቶ የማይጨናነቅ፣ ጎድሎም የማይጎብጥ። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ ቁጥሩን ከማሳካት ይልቅ ቀንና ሌሊት እንዳይዋዥቅ ማድረግ ይበልጣል።

ቀለም ጠብታ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። በማጉያ አየን፤ ረጅሙ ፕሩፍ ላይ ያለው እርሳስ በእርግጥም ወይን ጠጅ ነጥብ አለው። ገጽ 71 ላይ ከተለጠፉት ሁለት ቁራጮች አንዱ ደግሞ በራሱ ጊዜ ለቋል። ቅጠሎቹ እንዴት ይቆጠሩ? በዝርዝሩ ላይስ እንዴት ይጻፍ?

መዝገብ

የለቀቀውን ቁራጭ መልሳችሁ አትለጥፉ። በቀጭን ፖስታ አድርጋችሁ እዚያው ቅጠል ላይ አኑሩት። ሙጫው ጥሎት የሄደውን ቡናማ ምልክት ከቁራጩ ጀርባ ጋር አጋጥሙና የት እንደነበረ ጻፉ። ቁራጩ ከሥሩ የሸፈነው የታተመ ጽሑፍ አሁን ተገልጧልና እሱንም ፎቶ አንሡ፤ ተለጥፎ ሳለ ማንም ያላየው ነው።

ቁጥሩን በለስላሳ (2ቢ) እርሳስ፣ በፊት ገጽ በቀኝ ላይኛው ጥግ፣ በቅንፍ ጻፉ። ቅንፉ ከደራሲውና ከማተሚያ ቤቱ ቁጥር ይለየዋል። የተለጠፈ ቁራጭ የተሸካሚውን ቁጥር ወስዶ ፊደል ይጨመርለታል፦ 71ሀ፣ 71ለ። ጀርባውን ሳታዩ አትለፉ። ፕሩፍ በአንድ ፊት ስለሚታተም ባዶውን ጀርባ ደራሲዎች ለቀጣዩ ሥራ ረቂቅ ይጠቀሙበታል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው ሥራ ከፕሩፉ በኋላ መጻፉን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል።

ለዝርዝሩ እንዲህ ያለ መግቢያ ይበቃል፦

«ፕሩፍ፣ ገጽ የተከፈለ፣ 1ኛ ደረጃ። 212 ቅጠል፣ በአንድ ፊት የታተመ። በሰማያዊ ቀለም (የደራሲው እጅ ይመስላል) እና በአረንጓዴ እርሳስ (ያልታወቀ እጅ) የታረመ። ገጽ 33–48 የለም። ገጽ 71 ላይ 2 ቁራጭ፣ አንዱ የለቀቀ። ሣጥን 4፣ አቃፊ 1–9።»

የጎደለውን ሳትጽፉ አትተዉ። ከ33 እስከ 48 በትክክል 16 ገጽ ነው፣ አንድ ሙሉ እጥፍ (በአንድ ትልቅ ወረቀት አብሮ የሚታተም የገጾች ስብስብ)፤ እንዲህ ያለው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተልኮ ያልተመለሰ ነው እንጂ የተቀደደ አይደለም። እርማቱ የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነም በእርግጠኝነት አትሰይሙ። በአንዳንድ ማተሚያ ቤቶች አሠራር አረንጓዴ የማተሚያ ቤቱ አራሚ፣ ቀይ የለቃሚው ስሕተት፣ ሰማያዊ ደራሲው የለወጠው ነው፤ የለውጡን ወጪ ማን እንደሚከፍል የሚወሰነው በቀለሙ ነበር። ደራሲው ግን በእጁ ባገኘው ብዕር ሊያርም ይችላል። ለዚህም ነው በግራጫ ስካን ማድረግ ስሕተት የሚሆነው፤ በቀለም፣ ቢያንስ በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ ከላይ በሚያነሣ ካሜራ ይሁን። ወረቀት ጎታች ስካነር የተለጠፈ ቁራጭ ይበላል።

መብቱን ደግሞ ለዩት። ወረቀቱን መረከብ የማሳተም መብት አያስረክብም፤ በበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ጥበቃው በትንሹ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፣ ብዙ አገሮች 70 ያደርጉታል። በኅዳጉ ላይ ያለው የአርታኢው ማስታወሻ ደግሞ የደራሲው ወራሾች ስለፈቀዱ ብቻ አይፈቀድም።

ፊደል ለቃሚ

«መጀመሪያ የሚወገደው እርማት የሌለው ነው» ያልኩትን ላጥብቀው፤ አንድ ሰው እንደ ፈቃድ እንዳይወስደው። ለ የሀ ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በውስጡ ያሉት ጥቂት እርማቶች ሀ ላይ ከሌሉ ማተሚያ ቤቱ ያላያቸው እርማቶች ናቸው። ደራሲው ፈልጎት መጽሐፉ ውስጥ ያልገባ ቃል የሚገኘው እንዲህ ባለው ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ሳይስተያይ ምንም አይወጣም።