ግንድ የወደቀበት የአሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ሰልባትዮ፦ ስርጉዱን እንዴት ላውጣው?

ጥያቄ (ከቡሬ አካባቢ)

የሙያው ባለቤቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰባችን ለረጅም ጊዜ የሚያርስበት ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለን። በቅርቡ የባሕር ዛፍ ግንድ ስንጭን አንዱ ተንከባልሎ ኮፈኑ ላይ ስለወደቀ፣ ከሥሩ ያለው የነዳጅ ሰልባትዮ (ታንከር) ከላይ በኩል ሁለት መዳፍ በሚያህል ስፋት ሰርጉዷል። ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ ይሁን እንጂ በጎኑ ያለው የላሜራው መጋጠሚያ ጠዋት ጠዋት አልቦት ይታያል። አንድ በያጅ ዘንግ በይዶበት ሊስበው እንደሚችል ነግሮኛል፤ ጎሚስታው ደግሞ አፉን ደፍነን አየር ብንሞላው በራሱ ይወጣል ይላል። የበቆሎ መሬት የምናለሰልስበት ጊዜ ስለደረሰ ትራክተሩን ብዙ ማቆም አልችልም። የትኛውን ብከተል ይሻላል?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ፣ የባትላሜራ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አይከተሉ። ከአየሩ ልጀምር፤ ቀላል የሚመስለው እሱ ነውና። የሰልባትዮው አንድ ገጽ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል ስፋቱ 1200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ባር ግፊት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል ስለሚሸከም በዚያ ገጽ ላይ 12 ኩንታል ጫንን ማለት ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከአንድ ባር እጅግ የበለጠ ይሰጣል። ስርጉዱ ከመውጣቱ በፊት ጠፍጣፋዎቹ ጎኖች ያብጣሉ፣ አሁን ያላበው መጋጠሚያም ይቀደዳል፤ የታመቀ አየር ሲፈነዳ የሚወረውረው ብረት ሰው ይገድላል።

ብየዳውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም እያለ ይዘናጋል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በታች ሳለ በቀላሉ እንደማይቀጣጠል እውነት ነው፤ ነገር ግን የብየዳ እሳት ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚሞቅ በመጋጠሚያውና በዝገቱ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ናፍጣ ወደ ተን ይለውጠዋል። ተኑ ሰልባትዮው ውስጥ ካለው አየር ጋር ሲቀላቀል የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል። ለዚህ ነው ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ የሚያስፈራው።

ስርጉዱን ያለ እሳት ማውጣት ይቻላል። ሰልባትዮውን ያውርዱት፣ ናፍጣውን ያንቆርቁሩት፣ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ደጋግመው ያጥቡት። ከዚያም ጫፉ የደነበዘ ቆልመም ያለ ዘንግ በነዳጅ መሙያው ወይም በነዳጅ መለኪያው (ጌጁ) ቀዳዳ አስገብተው ከውስጥ እየገፉ፣ ከውጭ የስርጉዱን ዳር በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ከመሃል አይጀምሩ፤ በመጨረሻ የታጠፈው ዳር በመጀመሪያ ሲፈታ መሃሉ ተከትሎ ይነሣል። የሚቀረውን ጥቂት ጉድጓድ ስቱኮ ይሸፍነዋል፤ ስቱኮ ግን ቀዳዳ አይደፍንም።

መልስ (ከደምበጫ፣ ገበሬ)

ባለሙያው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ስርጉዱ ለምን እንደሚወጣ አልገባኝም። ጥቂት ሊትር ማነሱ እርሻ አያስቆምም። ኮፈኑ ሲዘጋ ሰልባትዮውን የማይነካ ከሆነ ስርጉዱን ትተው መጋጠሚያውን ያስደፍኑ። የክዳኑን መተንፈሻም ይመልከቱት፤ ግንዱ ክዳኑን ነክቶት ከተደፈነ ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ ናፍጣ እያጠረው ይጠፋል፣ እርስዎም ጥፋቱን ናፍጣ ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፖምፓ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክዳኑ ደኅና ነው፤ ኮፈኑ ግን ስላልገጠመ በዘንጉ ዘዴ ትንሽ አነሣዋለሁ። መጋጠሚያው በምን ይደፈን?

መልስ (ከባሕር ዳር፣ የራዲያተር ጠጋኝ)

በመጀመሪያ የሚያልበው የት እንደሆነ በትክክል ይወቁ። መጋጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጠመኔ ይቀቡትና ጥቂት ናፍጣ ጨምረው ያቆዩት፤ ጠመኔው ጠቆር ብሎ የረጠበበት ቦታ ስንጥቁ ነው። ለእንዲህ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ከነሐስ ብየዳ ይልቅ ሊድ (የእርሳስና የቆርቆሮ ቅልቅል መበየጃ) ይሻላል፤ ነሐስ 900 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሲፈልግ ሊድ ግን ከ200 ዲግሪ በታች መቅለጥ ይጀምራል። በተጨማሪም የዚያ ዘመን ሰልባትዮዎች ብዙዎቹ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል የተለበጡ ስለነበሩ ሊዱን በደንብ ይይዛሉ፣ በኃይለኛ እሳት ሲሞቁ ግን መርዛማ ጢስ ያወጣሉ። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን።

ለሊዱም ቢሆን ጥንቃቄው አይቀርም። ከታጠበ በኋላ ስንጥቁ ወደ ላይ እንዲሆን አጋድመው እስከ ስንጥቁ ሥር ድረስ ውኃ ይሙሉት፤ ተኑ የሚጠራቀምበት ክፍተት እንዲጠብ ነው። ውኃው ላሜራውን ነክቶ ከሆነ ሙቀቱን ስለሚወስድበት ሊዱ አይይዝም፤ ጣት የሚያህል ክፍተት ይተዉለት። የመሙያው አፍ ክፍት ይሁን። ቦታው ቀለምና ዝገት ሳይቀር እስኪያብረቀርቅ ይፋቅ፣ ለሊድ ብየዳ የሚሆን አሲድ ይቀባ፣ ሊዱም ነበልባል ሳይነካው በጋለ የመዳብ መበየጃ ይፍሰስ።

ሲጨርሱ ውኃውን አራግፈው፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከፍተው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት፤ የቀረ ውኃ ወደ ፖምፓው ከገባ ከሰልባትዮው የበለጠ ወጪ ያስከትላል። በጥቂት ንጹሕ ናፍጣ አለቅልቀው ያውጡት። ሲገጥሙት ከሥሩ ያለውን ጎማ አይርሱ፤ ላሜራው ከብረት ጋር ከተፋተገ በሌላ በኩል ይበሳል። ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ቀጥሎም አየሩን በቅድሚያ ከፊልትሮው፣ ከዚያም ከፖምፓው፣ በመጨረሻ ናፍጣ ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎች ቧንቧ ያስወጡ። ሞተሩ እስኪሞቅ ካሠሩት በኋላ መጋጠሚያውን እንደገና ጠመኔ ይቀቡት።