የጋራ ግጦሻችን ላይ ዩሪያ ይበተን ወይስ ማገጡ ይጠበቅ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ያለው ግጦሻችን ላይ ዩሪያ ማዳበሪያ ይበተን የሚለው ከግጦሽ ዕቅዳችን ይውጣልኝ። ምክንያቴ ማገጡ ነው፣ ያ ከሣሩ መሃል የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠል የከብት መኖ። ማገጥ ሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅን፣ ማለትም ዩሪያ የሚሰጠንን ያንኑ ምግብ፣ ከአየር ይይዛል። አንዱን በመቆፈሪያ ከነአፈሩ አውጡና እብጠቱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ቆሟል። ዩሪያ ሲበተን ሣሩ ይፈጥንና ጥላ ይጥልበታል፣ ማገጡም ናይትሮጅን መያዙን ይቀንሳል። በነፃ የምናገኘውን በገንዘባችን እናጠፋለን ማለት ነው።

ላም አርቢ፦ እሺ፣ ግን ጠዋት ርቧት እርጥብ ማገጥ ላይ የተለቀቀች ላም ሆዷ ይነፋል። በሰዓቱ ካልተደረሰላት ትሞታለች። ይሄ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ይጻፋል። መጀመሪያ ገለባ ወይም ድርቆሽ ይቅመሱ፣ ጤዛው ሲረግፍ ይለቀቁ።

ነባር አባል፦ ሣሩ ከማገጡ ናይትሮጅን የሚጠቀመው መቼ ነው ታዲያ? ዘንድሮ ውጤት የሚጠብቅ አለ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ብዙ አንጠብቅ። ማገጡ በሕይወት እያለ ለሣሩ የሚያካፍለው ትንሽ ነው። አብዛኛው የሚደርሰው ሥሩ ሲበሰብስና ከብቶቹ በልተውት በሽንትና በእበት ሲመልሱት ነው። የአገራችን ማገጥ ደግሞ አብዛኛው የአንድ ክረምት ነው፤ መስከረም አካባቢ አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይደርቃል። በአበባው ካስጋጥነው ወይም ካጨድነው ለከርሞ የሚሆነው ዘር ያንሳል። ስለዚህ ከወንዙ በኩል ያለው ክፍል ዘሩ እስኪረግፍ ይከለል፣ ሌላው ይጋጥ። በየዓመቱ እያፈራረቅን።

ላም አርቢ፦ ኩበቱስ?

ጸሐፊ፦ እሱ ከባድ ነው። እንደ መረሬ ባለ ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ማገጥ ፎስፈረስ የሚባለው የአፈር ምግብ ካነሰው በደንብ አያድግም፣ እበቱን ለቅመን በወሰድን ቁጥር ደግሞ ፎስፈረሱ አብሮ ይሄዳል። ግን ኩበት ሸጠው የሚያድሩ እናቶች አሉ፣ እነሱን ከልክለን ዕቅድ ብንል እኔ አልቀበለውም። ከብቶቹ በሚያድሩበት በረት ያለው ለእነሱ ይሁን፣ ሜዳው ላይ የወደቀው እዚያው ይቅር።

ነባር አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ድንበሩ ላይ ካስማ ይተከል፣ አለዚያ እረኞቹ ከየት ይወቁ።

ጸሐፊ፦ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንትከል። ረቂቁን እስከዚያ አስተካክዬ አመጣለሁ።