የሁጎን መጽሐፍ ዲዝኒ «አሻሻለው»?

የፒያሳው አንባቢ፦ ስለ ዲዝኒ ፊልም «የኖትር ዳሙ ጎባጣ» (እ.ኤ.አ. 1996) የተጻፈውን አይቼ ተናደድኩ። «ፊልሙ መጽሐፉን አሻሽሎታል፤ ለልጅ ሞት አይነገርም» ይላል። የምንዱባኑን ደራሲ ቪክቶር ሁጎን ማን ነው የሚያሻሽለው? በመጽሐፉ ጨፋሪዋ ኤስሜራልዳ ትሰቀላለች። ጎባጣው ኳሲሞዶ አስከሬኗን እንዳቀፈ ይሞታል። ፊልሙ ላይ ልጅቷ ድና ከወታደሩ ከፌቡስ ጋር ትሄዳለች፣ ኳሲሞዶን ሕዝብ በጭብጨባ ይቀበለዋል። ይሄ ሌላ ታሪክ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ፣ ለልጅ ሞት አይነገርም።

የፒያሳው አንባቢ፦ እህቴ፣ ፊልሙ በምን ይጀምራል? ክፉው ዳኛ ፍሮሎ የኳሲሞዶን እናት ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ይገድላታል። ሕፃኑን ጉድጓድ ውስጥ ሊጥለው ነበር። ልጆችሽ ሞት አይተዋል። ያላዩት ግፍ ሲያሸንፍ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሱን ሲያድጉ ይደርሱበታል። ምን ያስቸኩላል?

ዜማ ወዳድ፦ ዘፈኑን ረሳችሁት! ዜማ ደራሲው አላን ሜንከንና ገጣሚው ስቲቨን ሽዋርትዝ ለፍሮሎ የሠሩለትን የእሳት ዘፈን ስሙት። እሱ በምኞቱ ሲቃጠል ከኋላው በላቲን ይዘመራል። ይሄን የልጆች ፊልም ውስጥ ማስገባት ድፍረት ነው። እነዚያ የሚያወሩት ቀልደኛ የድንጋይ ሐውልቶች ግን ይቅሩብኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሐውልቶቹን አትንኩ! ልጆቼ የሚስቁት በነሱ ነው።

ካሳንቺስ፦ እኔን ያበሸቀኝ ፍሮሎን ዳኛ ማድረጋቸው ነው። በመጽሐፉ የካቴድራሉ ካህን ነው፤ ከሴት ለመራቅ ከገባው ቃል ጋር ነው የሚታገለው። ዳኛ ሲሆን ተራ ክፉ ሰው ሆነ። ፌቡስም እንደዛው። በመጽሐፉ ኤስሜራልዳ ለሞት ስትወሰድ ሰውዬው ከእጮኛው ጋር ሰገነት ላይ ቆሞ ነበር። እሱን ነው ጀግና ያደረጉት!

ዜማ ወዳድ፦ ሁጎ ራሱስ? በ1836 ከዚሁ መጽሐፍ ለተሠራው የሉዊዝ ቤርቲን ኦፔራ ግጥሙን ሲጽፍ መጨረሻውን ቀይሮታል። እዚያ የሚሞተው ፌቡስ ነው።

የፒያሳው አንባቢ፦ እሱማ ባለቤቱ ነው። አባት የልጁን ስም ቢቀይር መብቱ ነው፤ ጎረቤት ግን ምን አግብቶት? ነገ አንዱ ተነስቶ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በካርቱን ሠርቶ ሰብለንና በዛብህን ቢድራቸው ዝም ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰብለን እዚህ አታምጣት። እሱ የአዋቂ መጽሐፍ ነው።

ካሳንቺስ፦ የአዋቂ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እኛ ቤት ሕፃን አዋቂው አንድ ላይ ነበር የሚያለቅሰው። «ልጆች ውጡ» ያለን የለም። ለልጅ ሞት አይነገርም የሚባለው መቼ የመጣ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ ቤት ይሆናል። እናቴ በዛብህ ሲታመም ሬዲዮኑን ዘግታብናለች። ልክ ነበረች።

ዜማ ወዳድ፦ የዲዝኒው ፊልም በ1999 በርሊን ላይ በመድረክ ሲሠራ ኤስሜራልዳ ትሞታለች። ያው ሜንከንና ሽዋርትዝ ናቸው፣ ያው ዘፈኖች።

የፒያሳው አንባቢ፦ በቃ! ዘፈኑም ሳይነካ ሞቱም ሳይደበቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለመድረክ ተመልካች ይቻላል። ለኔ ልጆች ግን ጊዜውን የምወስነው እኔ ነኝ።

ካሳንቺስ፦ ፍሮሎ የዘፈነውን ካሰማሻቸው በኋላ?